ወደ ባሌ ስትሄዱ፦ አንድ መኪና፣ ስድስት ቀን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት ከአዲስ አበባ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ወንድሜ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ለገና ከቨርጂኒያ ይመጣል። እናታችንን ጨምሮ 11 ሆነን በታኅሣሥ አጋማሽ ባሌን ልናይ አስበናል። የጠየቅነው አስጎብኚ ድርጅት በአራት ቀን ዲንሾን፣ ሳነቴን፣ ሐረናን፣ ሶፍ ዑመርንና ድሬ ሼክ ሁሴንን በሦስት ላንድክሩዘር አሳያችኋለሁ ብሎናል። ወረቀቱ ላይ ‹አካባቢን የማይጎዳ ጉዞ› የሚል ተጽፏል። ልጆቹ ለገጠር ልጆች የሚያድሉት ከረሜላና እስክሪብቶ ገዝተዋል። ሄደን ጉዳት አድርሰን መመለስ አንፈልግም። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

እህቴ፣ ገና ሳትነሱ መጠየቅዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ለብዙ ዓመታት ሰው እየመራሁ ባሌን ተመላልሼበታለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ምልልስ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጎብኚ የሚያደርሰው ጉዳትም የሚያመጣው ጥቅምም አብዛኛው አዲስ አበባ ላይ፣ ዕቅዱ ሲወጣ የሚወሰን መሆኑን ነው። ስንት መኪና ይሂድ? ስንት ቀን እንቆይ? ምን እንብላ፣ በምንስ ይብሰል? ገንዘቡ በማን እጅ ይለፍ? እነዚህ አንዴ ከተወሰኑ በኋላ ደጋው ላይ ደርሶ ወረቀት ከመጣል መቆጠብ ትንሹ ነገር ነው። ስለዚህ አብዛኛው ምክሬ ከቤታችሁ ሳትወጡ የሚሠራ ነው።

ከቀኑ ብዛት ልጀምር። ከአዲስ አበባ በአሰላ በኩል ዲንሾ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን ይሄዳል፤ ለመመለስም እንዲሁ። ከአራቱ ቀን ሁለቱ አስፋልት ላይ አለቁ ማለት ነው። ሶፍ ዑመር ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ድሬ ሼክ ሁሴንም ሌላ ረጅም መንገድ ነው። በቀሩት ሁለት ቀናት ይህን ሁሉ ማዳረስ የሚቻለው ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ በፍጥነት ነድቶ፣ ወርዶ ፎቶ አንስቶ መልሶ በመሳፈር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጎብኚ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ለአገሬው ግን የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ እንኳ ሳይተው ያልፋል።

ሶፍ ዑመርና ድሬ ሼክ ሁሴን ከዚህ ጉዞ ይውጡ። ስለማያምሩ አይደለም። ዌይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የፈለፈለው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ድንቅ ቦታ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሙስሊም ወገኖቻችን ለዝየራ የሚሄዱባቸው የተከበሩ ስፍራዎች ናቸው። ለጸሎት ከሩቅ በመጣ ሰው መካከል በአርባ ደቂቃ ገብቶ መውጣት ለእነርሱም ለእናንተም አይሆንም። ሌላ ጊዜ ራሱን የቻለ ጉዞ ይደረግላቸው። ለአሁኑ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይበቃችኋል፤ እርሱም ቢሆን ስድስት ቀን ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ቀን የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ደርሳችሁ እደሩ። በማግሥቱ የትም ሳትነዱ እዚያው ዋሉ፤ ማለዳ ጋይሳይ የሣር ሜዳ ላይ በእግር ስትሄዱ ከባሌና ከአካባቢው ደጋማ አገሮች በቀር በዓለም የትም የማይገኘውን ደጋ አጋዘን በመንጋ ታያላችሁ። በሦስተኛው ቀን በሮቤና በጎባ አድርጋችሁ፣ ሳነቴን ቀስ ብላችሁ አቋርጣችሁ ሪራ መንደር ውረዱ። ሁለት ሌሊት እዚያ፤ ቀኑን ሐረና ጫካ ውስጥ። በአምስተኛው ቀን ጎባ፣ በስድስተኛው ቤታችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልንገርዎ። ወንድምዎና ቤተሰባቸው ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚበሩት በአንድ በኩል ብቻ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ በአንድ መንገደኛ ድርሻ ከአንድ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ባሌ ላይ የምታደርጉት ቁጠባ በሙሉ ቢደመር ይህን አያካክስም። ይህን የምለው አይምጡ ለማለት አይደለም፤ እናት የልጅ ልጆቿን ማየት አለባት። ግን ከመጡ አይቀር ይቆዩ። በየዓመቱ ለአሥር ቀን ከመምጣት በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ መጥቶ ጥምቀትን አብሮ አክብሮ መመለስ፣ ለአየሩም ለእናትዎም የተሻለ ይመስለኛል።

ወደ መኪናው እንመለስ። ከአዲስ አበባ ጎባ በአንድ በኩል 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ የሚነዳው ተጨምሮ ደርሶ መልሱን 1,000 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው። አንድ ላንድክሩዘር በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ናፍጣ ቢበላ፣ ሦስቱ በጠቅላላው 390 ሊትር ይጨርሳሉ። አንድ ኮስተር 16 ሊትር ቢበላ 160 ሊትር ይበቃዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በሦስቱ መኪና ለእያንዳንዳችሁ ወደ 96 ኪሎ፣ በኮስተሩ ደግሞ ከ40 ኪሎ የማይበልጥ ይደርሳችኋል ማለት ነው። ወጪውም በዚያው መጠን ይወርዳል። እስከ ጎባ አስፋልት ነው፤ ከጎባ ወደ ሪራ የሚወስደውን የጠጠር መንገድም በበጋ የሕዝብ መኪና ይመላለስበታል። ላንድክሩዘር ሳነቴ ላይ የሚያስፈልገው ከመንገድ ወጥቶ ለመንዳት ነው፤ ያንን ደግሞ ፈጽሞ ማድረግ የለባችሁም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሰፊ አምባ ነው። ከላይ ሲታይ ባዶ ይመስላል፤ ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል፣ ከዚያ በቀር ድንጋይና አጭር ሣር ነው። ሕይወቱ ያለው ከመሬቱ በታች ነው። ከመንገዱ ዳር ሃያ እርምጃ ራቅ ብላችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ቁጭ በሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ ቀዳዳ አፍ ላይ ያለው አፈር ይነቃነቃል። ከዚያ ሰፊ ራስ ይወጣል፤ ጥርሱ ቢጫ፣ ዓይኖቹ ወደ ግንባሩ የተጠጉ። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ነው፤ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር የለም። ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ ሳያወጣ በዙሪያው ያለውን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች። እርሱ ከገለበጠው አፈር ትሏን ትለቅማለች፤ እርሱ ደግሞ የእርሷን ድንጋጤ እንደ ማስጠንቀቂያ ይጠቀምበታል። ወፏ ድንገት ብድግ ስትል ፍልፈሉ ይሰወራል። ያኔ ቀና ብላችሁ ብታዩ ቀይ ቀበሮው በሆዱ ተለጥፎ እየተጠጋ ነው።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእነዚህ ፍልፈሎችና አይጦች ነው። በመላው ዓለም ለመራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ የማያንሱት ባሌ ናቸው። የመኪና ጎማ ከመንገድ ሲወጣ የሚንደው የፍልፈሉን ጉድጓድ ነው፤ የሚረግጠውም የቀበሮውን ገበታ ነው። መንገዱ ላይም ቢሆን ቀበሮዎች በመኪና ተገጭተው ሞተዋል። ለሾፌሩ ገና ሲነሳ «ሳነቴ ላይ ከ30 አታሳልፍ» በሉት። ቀበሮ አየን ብሎ መከተል፣ ጥሩምባ መንፋት፣ ሥጋ መወርወርም አይገባም። አንድ ወጣት ሾፌር ለጎብኚዎቹ ፎቶ እንዲያምር ብሎ የዶሮ አጥንት ሲወረውር አይቼ ተጣልቼዋለሁ። መንገድ ዳር ምግብ የለመደ ቀበሮ ከመንገድ ዳር አይርቅም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የቀበሮ ጠላት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከውሾች ተላልፎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003 እና በ2008 የባሌን ቀበሮዎች በብዛት ፈጅቷል። ውሾቹ ከእረኞቹ ጋር የሚኖሩ ናቸው፤ ክትባት ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን ጎብኚ ሰፍሮ አጥንትና የሆድ ዕቃ ትቶ በሄደበት ቦታ ውሻ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ቀበሮውም ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ይህ ወደ በጉ ያደርሰናል። ከአዲስ አበባ በቡድን የሚሄድ ሰው በግ ሳያርድ የተጓዘ አይመስለውም፤ አውቃለሁ። እናንተ የምትሄዱት በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ፣ ጿሚዎች ከሆናችሁ ነገሩ በራሱ ተፈትቷል። ጿሚ ያልሆነ ካለ፣ ወይም ጉዞው ወደ ጥር ከተገፋ፣ ምግቡን ጎባና ሮቤ ባሉ ቤቶች ብሉ፤ ሰፈር ላይ እርድ አይኑር። ለመንገዱ ከአካባቢው የገብስ ቆሎ፣ ድንችና ሽንኩርት ይገዛል። ለማይጾሙት ልጆች ደግሞ እርጎና ጭኮ አለ። ጭኮ በገብስ ዱቄትና በቅቤ የሚሠራ የአርሲና የባሌ ሰው የመንገድ ስንቅ ነው፤ አንዴ የቀመሰው ልጅ ብስኩት አይጠይቅም። ብዙ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የስድስት ቀን ምግብ ጭነው ይሄዳሉ። ያ የሚቆጥበው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የአንዲት ጎባ ገበያ ውላ የምትገባ ሴት ገቢ ግን አብሮ ይቀራል።

ስለ እሳት የምነግርዎ ከራሴ ጥፋት የተማርሁትን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ዌይብ ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ተክለን 16 ሰዎች ነበርን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በበጋ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እኔ የቡድኑ መሪ ነበርሁና ለማታ እሳት ሁለት ሸክም እንጨት አዘዝሁ። ያመጣችው አንዲት አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች። ሲነጋ አመዱን ሳገላብጥ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ያልተቃጠለ ሥር አገኘሁ፤ እንደ ክንድ የወፈረ፣ የተጠማዘዘ፣ አፈሩ ያልተራገፈ። ልጅቷ ቅርንጫፍ ስላጣች ሥሩን ቆፍራ ነው ያመጣችው። በዚያ ከፍታ አስታ እጅግ በዝግታ ነው የሚያድገው፤ ሥሩ ከተነቀለ ደግሞ ዳገቱን የሚይዝ ነገር የለም። እኛ ስንዘፍን ያመሸንበት እሳት ያ ነበር። ከፋይዋ እኔ ነኝ፤ ልጅቷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ያለ ቡታጋዝ ሄጄ አላውቅም። አንድ ትልቅ ሲሊንደር ለ11 ሰው ለስድስት ቀን ይበቃል፤ ባይበቃ ጎባ ላይ አብስለው የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ለብርዱ እሳት ሳይሆን ልብስ ያዙ፦ የሱፍ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለልጆቹ ሙቅ ውኃ የሚሞላበት ኮዳ። አስጎብኚው «የካምፕ እሳት በዋጋው ውስጥ ነው» ካለ እንዲያወጣው ይጠይቁ።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ልምጣ። «አካባቢን የማይጎዳ» የሚለው ጽሑፍ ማንም የሚጽፈው ነው። ድርጅቱ ከልቡ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ዝርዝሩን ሲጠየቅ ነው። መሪው የባሌ ልጅ ነው ወይስ ከዚህ የሚሄድ? ለፈረሰኛው በቀን ስንት በእጁ ይደርሰዋል? ምግቡ ከየት ይገዛል? በምን ይበሰላል? ቆሻሻው የት ይወርዳል? የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሳያመነታ ይመልሳል፤ ለፈረሰኛው የሚከፈለውን ካልነገራችሁ ግን ሌላ ድርጅት ፈልጉ። እኔ ብሆን መኪናውን ብቻ ከአዲስ አበባ ተከራይቼ የቀረውን ከዲንሾ እጀምራለሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፤ የመግቢያው ክፍያ በደረሰኝ ይከፈላል፤ የአካባቢው አስጎብኚዎችና የፈረስ ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ተራውን አክብሩ። «ባለፈው የመጡ ወዳጆቻችን እገሌን አመስግነውታል» ብሎ ተራ ማስዘለል ማኅበሩን ውስጥ ለውስጥ ያፈርሰዋል። እገሌ ጥሩ ከሆነ ጉርሻ ላኩለት እንጂ የሌላውን ቀን አትውሰዱበት።

ሁሉንም ወጪ በሁለት ዓምድ ከፍላችሁ ጻፉት፤ በአንድ ወገን አዲስ አበባ የሚቀረው፣ በሌላው ባሌ የሚወርደው። ነዳጅና የመኪና ኪራይ የመጀመሪያውን ዓምድ ያስረዝሙታል፤ ይህ አይቀርም። ኮስተሩ ያተረፈላችሁን ገንዘብ ወደ ሁለተኛው ዓምድ አሻግሩት፦ አንድ ተጨማሪ ሌሊት፣ ለእናትዎ ፈረስ፣ ከሪራ ማር። እዚያ ላይ አትከራከሩ። ማሩ ከሐረና ዛፎች ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የሚወርድ ነው፤ ቀፎውን ለመስቀልና ለማውረድ ሰው ግንዱን በገመድ ይወጣል። ዕቃውን ከቤት ያዙ፤ ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ወይም ብልቃጥ፤ አለዚያ በፕላስቲክ ከረጢት ይሰጣችኋል። ጫካው ውስጥ የበቀለ ቡናም ዝቅ ብሎ ካሉት መንደሮች ይገኛል። የአውሬ ቀንድ፣ ቆዳ ወይም ጥርስ የሚያቀርብ ካለ ግን አትንኩ፤ በሕግም የተከለከለ ነው።

ፈረስ ከመከራየታችሁ በፊት ኮርቻውን አንስታችሁ ጀርባውን እዩ። ቁስል ካለው በጨዋነት ሌላ ጠይቁ፤ ባለቤቱን ሳይሆን የማኅበሩን ተጠሪ አናግሩ። ባሌ ፈረስ የክብር ነገር ነውና ነገሩ በግልጽ ከተነገረ ይሰማል። ጎብኚ ሁሉ ኮርቻ ማንሳት ቢለምድ የፈረሶቹ ጀርባ በሁለት ዓመት ይድን ነበር።

ስለ ከረሜላውና ስለ እስክሪብቶው መናገር ይከብደኛል፤ ልጆቹ በደግ ልብ ነው የገዙት። ግን አይሰጥ። ሳነቴን አቋርጦ በሚወርደው መንገድ ላይ ልጆች የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ከብቶቻቸውን ጥለው ወደ መንገዱ ይሮጣሉ። ማን እንዲህ አስለመዳቸው? በመስኮት የወረወርንላቸው እኛ ነን። አንዱ ልጅ እጁን እያውለበለበ ከኮስተሩ ጎን ሲሮጥ፣ የኋላ ጎማው ከእግሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ። ያን ያየ ሰው ደግሞ አይወረውርም። እስክሪብቶዎቹንና ደብተሮቹን በአንድ ካርቶን አድርጋችሁ ለትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በመሪያችሁ በኩል አስረክቡ፤ ፎቶ ሳይነሳ። ከረሜላውን ልጆቹ ራሳቸው ይብሉት። የወንድምዎ ልጆች ለባሌ ልጆች የሚሰጡት ነገር ይኑራቸው ካላችሁ ኳስ ይዘው ይሂዱ። ሪራ ከደረሱ በኋላ አንድ ከሰዓት አብረው ይጫወቱ፤ ሲሄዱ ኳሱን ለመንደሩ ይተዉት። አማርኛ የማይችሉ ልጆች እንኳ በኳስ ይግባባሉ። ደግሞም በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) እና «ገለቶማ» (እናመሰግናለን) ማለትን ሁላችሁም፣ እናትዎም ጭምር፣ መንገድ ላይ ተለማመዱ። በአንድ ሰው ደጅ አልፎ በቋንቋው ሰላምታ አለመስጠት በእኛም አገር ነውር ነው። ሴቶችን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ካሜራው ይውረድ።

ውኃን በተመለከተ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 11 ሰው በቀን ሁለት ሁለት የታሸገ ውኃ ቢጠጣ በስድስት ቀን 132 ባዶ ጠርሙስ ነው። ደጋው ላይ ይህን የሚሰበስብ የለም። ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ያዙ፤ ጎባ ላይ ይሞላሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኮዳ። ይዛችሁ የሄዳችሁትን ቆሻሻ ሁሉ፣ የሕፃን ዳይፐርና እርጥብ የወረቀት መጥረጊያ ሳይቀር፣ መልሳችሁ አምጡ። ሰውነት ለመታጠብም ሆነ ለመጸዳዳት ከወንዝና ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፤ መጸዳጃ በሌለበት አንድ ስንዝር ያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ አፈር መልሱበት። ከባሌ ተራሮች የሚነሱት ዌይብና ሌሎቹ ወንዞች እስከ ሶማሊያ ድረስ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይጠቅማሉ ተብሎ ይገመታል። ከእናንተ ሳሙና በታች ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ።

ልጆቹ አንድ ነገር መጠየቃቸው አይቀርም፦ «ፓርክ ከሆነ ለምን ቤትና ላም አለ?» ቶሎ አትመልሱላቸው። ፓርኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ የአገሬው ሰው ከብቱን በየወቅቱ ወደ ደጋው ግጦሽና ወደ ሆራው (ከብት ወደሚጠጣው የማዕድን ምንጭ) የሚያወጣበት ጎዳንቱ የሚባለው ሥርዓት ግን ከፓርኩ በብዙ ይቀድማል። እርግጥ ዛሬ ሰፋሪውም ከብቱም በዝቷል፤ አስታው ይቃጠላል፣ ጫካው ይመነጠራል፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ቦታውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህ ጥያቄ አልተዘጋም። መፍትሔው ከፊሉ ያለው፣ ጫካው ቆሞ ለነዋሪው እንጀራ ሲሆን ነው። በመንገዳችሁ ላይ ያሉት አዳባና ዶዶላ ይህን ቀድመው ሞክረዋል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ደኑን እንዲጠብቁ ውል ገብተው፣ በፈረስ የሚጓዝ እንግዳ በማስተናገድም ገቢ የሚያገኙበት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ለልጆቹ ጥያቄ የሚመልሰው የዲንሾ መሪያችሁ ይሁን። አባቱ እረኛ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ደግሞ ከቀበሮ ጥበቃ ይኖራል። ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው መልስ ከእኔም ከእናንተም ይሻላል።

ስለ እናትዎ አንድ ቃል። ሳነቴን በመኪና አቋርጦ ማለፍ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም፤ ማደር ግን ሌላ ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ዲንሾ ማደራችሁ ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድም ይረዳል፤ በአራት ቀኑ ዕቅድ ይህ አይገኝም ነበር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ማባበል አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው። ከመነሳታችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁም ስለ መንገዱ ሁኔታ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ እዚያ ያለ ሰው የሚነግራችሁ ከማንም ወሬ ይበልጣል።

የመጨረሻው የመመለሻው ቀን ነው። መንገዱ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ ከሰል ተደርድሮ ታያላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ዋጋው ይረክሳል፤ ሾፌሩም «ቦታ አለን፣ ሁለት እንጫን» ይላችኋል። ስድስት ቀን ሙሉ ቡታጋዝ ተሸክማችሁ ስትዞሩ የቆያችሁት እዚያች ደቂቃ ላይ ከንቱ እንዳይሆን ለሾፌሩ ገና ሲነሳ ንገሩት። ቦታው ባዶ እንዳይቀር ደግሞ ከሰሉ ከሚሸጥበት ብዙም ሳይርቅ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ከእነርሱ ሁለት ከረጢት ጫኑ፤ ለገና ዶሮ ወጥም ሽንኩርት ይፈለጋል።